ክኒኔን ያቆምኩበት ዓመት

ሐኪም የተናገረውን ሁሉ እሺ ብዬ የምቀበል ሰው አይደለሁም፤ ዛሬም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ይቺ ደግሞ ልትመክረን መጣች» እንዳትሉኝ ነው። የስኳር ክኒኔን ጥዬ ስልክ ላይ ባገኘሁት ሰው ምክር የከረምኩ፣ በዚያም የተነሳ የግራ እግሬን ትንሿን ጣት ያጣሁ ሴት ነኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ስታነቡ ምናልባት ራሳችሁን ወይም እናታችሁን ታገኙበት ይሆናል።

ሥራዬ ጥልፍ ነው፤ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እጠልፋለሁ። ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ነገር ስመረመር ነው። ምግብ ሳልቀምስ ጠዋት የተለካው 212 ሆነ። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደጋገም የስኳር በሽታ ይባላል፤ ይህንን እንኳ የነገረኝ ሐኪሙ ሳይሆን ላቦራቶሪ በር ላይ አብራኝ የተቀመጠች ሴት ናት። ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየኝም። ሁለት ዓይነት ክኒን ጻፈና «ጣፋጭ ተዪ፣ ዳቦ ቀንሺ፣ ከ3 ወር በኋላ ነይ» አለኝ። መቀመጫዬን ሳልለቅ ቀጣዩ ሰው ገብቶ ቆሟል። ኮሪደሩ ላይ ስንት ሰው ይጠብቅ እንደነበር ስላየሁ አልፈርድበትም፤ ግን እኔም ባዶዬን ወጣሁ።

ከሁለቱ አንዱ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው ክኒን፣ ሆዴን አመሰው። ከሱቅ ወደ መጸዳጃ ቤት ስሮጥ ደንበኞቼ ይስቁ ነበር። ክኒኑ ከምግብ ጋር እንደሚወሰድ፣ በትንሽ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ እንደሚጨመር፣ የሆድ ሕመሙም ብዙ ሰው ላይ ከሳምንታት በኋላ እንደሚቀንስ የነገረኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኸው ነው። ቀጠሮዬ ሲደርስ «እንዴት ነሽ?» ስባል «ደህና» ብዬ፣ በየቀኑ የማልውጠውን ክኒን አስጽፌ እመለስ ነበር። ለሐኪም «ደህና» ማለት ለእንግዳ ደህና እንደ ማለት አይደለም። እባካችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ አትግደርደሩ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ላይ፣ ሳይነጋ ሁለተኛውን ክኒን ውጬ ቅዳሴ ሄድኩ። እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀመስኩም። 7 ሰዓት አካባቢ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ሁለት ሆነብኝ። ጠበል ረጩብኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና አንዲት እናት ነገሩ ገባቸው፤ ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው አጎረሱኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ነፍሴ ተመለሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክኒን የማየው እንደ ጠላት ነው። «ስኳሩ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው የሚገድለኝ» አልኩ። የሆነው ነገር ግን ሌላ ነበር። ያ ሁለተኛው ክኒን ግሊቤንክላሚድ ይባላል። በላችሁም አልበላችሁም ቆሽትን እየጨመቀ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንድታወጣ ያደርጋል፤ ምግብ ከሌለ ስኳሩ መውረድ ነው። ለሚጾም ሰው መጠኑና ሰዓቱ ይስተካከላል፣ ካልሆነም በሌላ ይቀየራል። የኛ ሰው በዓመት ከግማሽ የሚበልጠውን ቀን ሲጾም ሐኪሜ ትጾሚያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ልጾም ነው አላልኩትም። የምትጾሙ ሁሉ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ራሳችሁ ተናገሩ። «ጾም ላይ የትኛውን ክኒን በስንት ሰዓት?» ብላችሁ ካላስጻፋችሁ አትውጡ። በቦርሳችሁም ከረሜላ አይጥፋ። ላብና መንቀጥቀጥ ሲጀምራችሁ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ጾሙ ይፈታል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሐኪም ቤት ማሮጥ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ በተቸገርኩበት ሰሞን ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። «ይኸን ሰውዬ ስሚው፣ ውጭ አገር ያለ ነው፣ ስንቱን ከስኳር አድኗል» አለችኝ። ሰማሁት። እውነቱን ልናገር፤ ከሐኪሜ ይልቅ ያስረዳኝ እሱ ነው። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ፓስታም ሆድ ውስጥ ገብተው ስኳር እንደሚሆኑ በሥዕል አሳየኝ። ለ3 ዓመት መድኃኒት ስውጥ ይህን በአማርኛ የነገረኝ የለም።

ደግሞ ሰውዬው ባዶውን አይናገርም ነበር። የአሜሪካ የስኳር ኢንዱስትሪ በ1960ዎቹ ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች ገንዘብ ከፍሎ የልብ በሽታ ጥፋት ወደ ስብ እንዲዞር ማድረጉን፣ ሰነዱም እ.ኤ.አ. በ2016 መውጣቱን ነገረን። ይህ እውነት ነው። ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ ነው ያለውን አውስትራሊያዊ ባሪ ማርሻልን ባልንጀሮቹ ሐኪሞች እንዳላመኑት፣ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ እንደጠጣው፣ በ2005 ደግሞ የኖቤል ሽልማት እንዳገኘ ተረከልን። ይህም እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጨጓራ ባክቴሪያ ያልታከመ ሰው ማግኘት ስለሚከብድ ታሪኩ ልባችንን ነካው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያኔ የሳቁ ሐኪሞች ናቸው ዛሬ ክኒን የሚሰጧችሁ» ይላል። በሁለት እውነት መሀል አንዲት ውሸት ስትገባ አትታይም። ነጭ ክር ነጭ ሸማ ላይ እንደመስፋት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ እሱ ያለውን ጀመርኩ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ሽሮ የለም። እንቁላል በቅቤ፣ ሥጋ፣ አይብ፣ ጎመን። ሰውዬው «ከዕፅዋት የተዘጋጀ» እያለ የሚሸጠውን ዱቄትም በ4,500 ብር ገዛሁ፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ነው የነካሁት። ጣሳው ላይ ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈም፤ የተሠራበት ቀን እንኳ የለውም። ሐኪም የጻፈልኝ ክኒን ላይ ግን ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ በትንንሽ ፊደል የታጨቀ ወረቀት ነበር፤ ያንን ወረቀት እያነበብኩ ነው ክኒኑን የፈራሁት። ጉዳቱን የጻፈልኝን ፈርቼ ምንም ያልጻፈልኝን አመንኩ።

ስኳሬ ግን ወረደ። በ4 ሳምንት ጠዋት ጠዋት 118፣ 121፣ 115 ማየት ጀመርኩ። ስለሠራ ነው የጎዳኝ። ባይሠራ ኖሮ በሳምንቱ እተወው ነበር። የካቲት አጋማሽ ላይ ለማንም ሳልናገር ሁለቱንም ክኒን አቆምኩ፤ ቀጠሮዬንም ተውኩት። የቁጥሩ መውረድ የምግቡ ብቻ ይሁን፣ ወይስ ያን ጊዜ ገና እየዋጥኩት የነበረው ክኒንም ድርሻ ይኑረው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ 55 ቀን። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። የባዕድ አገር ሰው ምግብ ይዤ የሐበሻ ጾም ውስጥ ገባሁ። ምን ልብላ? እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በሻይ፣ አንዳንዴ ፓስታ። ወደ ድሮው ምግብ ተመለስኩ፤ ወደ ክኒኑ ግን አልተመለስኩም። የመለኪያውም ስትሪፕ አለቀ። ውድ ስለሆነ «ፋሲካ ሲያልፍ እገዛለሁ» አልኩ። ፋሲካ አለፈ፣ ሰኔ መጣ፣ አልገዛሁም። ልቤ ቁጥሩን ማየት አልፈለገም መሰለኝ።

ክረምቱን ሙሉ እከሳ ነበር። ሽሮ ሜዳ ሁሉ አመሰገነኝ፣ «ወጣት ሆንሽ» ተባልኩ። ሌሊት 4 እና 5 ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ፤ በውኃ አይረካም ያ ጥማት። ለሰውዬው በቴሌግራም ብጽፍለት «ሰውነትሽ መርዙን እያወጣ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሰውነቴ እያወጣ የነበረው ስኳር ነበር፤ በሽንት። ሳያስቡት መክሳት፣ ጥማትና ሌሊት መመላለስ አንድ ላይ ከመጡባችሁ የማንንም ምርቃት አትቀበሉ፤ በዚያው ቀን ተለኩ።

ዓይኔም ደከመ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ፤ «ዕድሜ ነው» ብዬ መነጽር አሠራሁ። ስኳር ሲበዛ የዓይን ሌንስ ውኃ ስቦ ያብጣል፤ ስኳሩ ሲወርድ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ ታክሜ ስኳሬ ሲስተካከል ያ መነጽር ዓይኔን የሚያዞር ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ስኳራችሁ ሳይረጋ መነጽር አታሠሩ። በዓመት አንዴ ግን ጠብታ ተደርጎ የዓይናችሁ የውስጥ ግድግዳ ይታይ፤ እዚያ ያለው ጉዳት በጊዜው ካልተያዘ አይመለስም።

ጳጉሜን ላይ ለእንቁጣጣሽ የታዘዘ ቀሚስ ተከምሮብኝ ሌሊት ስሠራ ነበር። በባዶ እግሬ መቀመጥ ልማዴ ነው። ለ26 ዓመት መርፌ ሲወድቅ ድምፁን ሰምቼ የት እንዳረፈ የማውቅ ሴት፣ አንድ የተሰበረ መርፌ ረግጬ አላወቅኩም። አላመመኝማ፤ ስኳሩ እግሬን አደንዝዞታል። በአራተኛው ቀን ልጄ ነች ካልሲዬ ላይ እድፍ ያየችው። «እማዬ፣ እግርሽ ይሸታል» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጣቴ ጠቁሯል።

ሐኪም ቤት የደረስኩ ዕለት ስኳሬ 487 ነበር። የ3 ወር አማካዩን የሚያሳየው ሌላው የደም ምርመራ፣ በመቶኛ የሚለካው፣ 13.1 ሆነ፤ ከ6.5 ጀምሮ በሽታ የሚባለው ማለት ነው። አልጋ ያዝኩ። ቁስሉን ጠረጉት፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሰጡኝ፣ በዘጠነኛው ቀን ጣቴ ተቆረጠ። ሌሎቹ ተረፉ።

እዚያ አልጋ ላይም ሆኜ ኢንሱሊን አልወስድም ብዬ ነበር። «ኢንሱሊን ከጀመርሽ አትላቀቂም፣ የመጨረሻው ነው» ሲባል ነው የሰማሁት። ተረኛዋ ሲስተር አልተቆጣችኝም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «እናቴ፣ ኢንሱሊን እኮ የእርስዎ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነው፤ እኛ የጎደለውን ነው የምንሞላው» አለችኝ። ከዚያ ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ስኳር የያዛቸው ልጆች ምን ይደረጉ እንደነበር ነገረችኝ። እህል ይከለከላሉ፣ እስኪመነምኑ ይራባሉ፤ ያ ሁሉ ጥቂት ወራት ለመጨመር ነው። በጥር 1922 የ14 ዓመት ልጅ የነበረው ሊዮናርድ ቶምሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። የኔ ስኳርና የዚያ ልጅ ስኳር ዓይነቱ ይለያያል፤ የኔው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሆኖም ሰውዬው «ሐኪሞች የደበቁብን አዲስ ምስጢር» ያለው እህል መከልከል ሐኪሞች ራሳቸው ከመቶ ዓመት በፊት የሠሩበት መሆኑን ስሰማ ሳቄ መጣ። ኢንሱሊኑንም ወሰድኩ። ከ5 ወር በኋላ ተቀነሰልኝ፣ ኋላም ቆመልኝ። ሁሉም ላይ አይቆምም፤ እኔ ላይ ቆመ።

ከወጣሁ በኋላ ክትትል የያዘልኝ ወጣት ሐኪም ነው። ስልኬን አውጥቼ ሰውዬውን አሳየሁት፤ ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ቁጭ ብሎ ሰማው። «ግማሹ ልክ ነው» አለኝ። ብሪታኒያ ውስጥ ስለተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 ስለወጣ ጥናት ነገረኝ። ስኳር ከያዛቸው 6 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ለ3 እስከ 5 ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየወሰዱ ክብደት ቀነሱ፤ ከዓመት በኋላ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ወደ 36 በመቶ ወረደ። እነሱም ክኒናቸውን በመጀመሪያው ቀን ነው ያቆሙት፤ ግን የሚከታተላቸው ባለሙያ፣ የሚለካ ቁጥር፣ ቢመለስ ዳግም የሚሰጥ መድኃኒት ነበራቸው። እኔ ያን ጊዜ በሽታው ከታወቀብኝ ገና 3 ዓመቴ ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።

የማርሻልንም ነገር አነሳሁበት። «ጠጥቷል» አለኝ፣ «ከጠጣ በኋላ ግን በመሣሪያ ጨጓራው ታየ፣ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። ያመኑት ስለጠጣ ሳይሆን ስላሳየ ነው።» ሰውዬው ትረካውን መጠጣቱ ላይ ነበር የሚያቆመው። እኔም መለካቱን ያቆምኩት እዚያው ላይ ነው። ሜትፎርሚንም መነሻው አውሮፓ ውስጥ የሚበቅል አንድ የሜዳ ተክል ላይ የተገኘ ነገር እንደሆነ የነገረኝ ይኸው ሐኪም ነው። «ከዕፅዋት» ፍለጋ 4,500 ብር የከፈልኩት ሴትዮ በርካሽ የማገኘውን፣ መነሻው ዕፅዋት የሆነውን ክኒን ቆሻሻ ውስጥ ጥዬው ነበር።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር ልበል፤ ሰፈር ውስጥ ያጣላኛል። የረጋ ዘይት መርዝ ነው የማይል ሰው የለም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋው የስብ ዓይነት መሆኑ እውነት ነው። የምንመካበት ቅቤ ግን ከዚያም የበለጠ አለው። በቅቤ በከረምኩባቸው ወራት ስኳሬ ሲወርድ ኮሌስትሮሌ ምን እንደሆነ ያየልኝ አልነበረም፤ አልጋ ስይዝ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዓል ሲሆን ዶሮ ወጤ ላይ አልሳሳም። በየቀኑ በማንኪያ መብላት ግን ትቻለሁ።

አሁን የምጠራጠረው በመለኪያዬ ነው። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ አልለካም። አንድ ምግብ እመርጥና ከመብላቴ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ ብቻ እለካለሁ፤ በደብተር እጽፋለሁ። በዚህ መንገድ እንጀራ ጠላቴ እንዳልሆነ አወቅኩ። ሁለት እንጀራ በሽሮ 90 ያህል ሲጨምርብኝ፣ ግማሽ እንጀራ በብዙ ጎመንና ምስር 40 አይሞላም። ይህ የኔ ሰውነት ነው፤ የእናንተን እናንተ ለኩ። አብሽም ሞክሬያለሁ፣ ትንሽ ትረዳኛለች መሰለኝ። ለሐኪሜ ነግሬው፣ ክኒኔን ሳልተው ነው። መድኃኒት ከከነማ ፋርማሲ ስገዛ ዋጋው ይሻለኛል፤ የጤና መድን ያላችሁም ስትሪፕ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። ኢንሱሊን እያለሁ ማቀዝቀዣ አልነበረኝም። ውኃ ያለበት ገንቦ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ ብርድ ላይ አኖረው ነበር፤ ያስተማረችኝ ያቺው ሲስተር ናት።

እግራችሁን ማታ ማታ እዩ። ማጎንበስ ካቃታችሁ መስታወት መሬት ላይ አድርጋችሁ፣ ወይም ልጅ ጠርታችሁ። እኔ ቤት ውስጥም ያለ ጫማ አልሄድም፤ ሱቄ ወለል ላይ ደግሞ ማግኔት እያንከባለልኩ መርፌ እለቅማለሁ፤ ማታ ማታ 3 እና 4 አይጠፋም።

ለሰውዬው ስለ ጣቴ ጽፌለት ነበር። በዚያው ቀን ከቡድኑ አስወጣኝ። ስልክ ላይ የሚመክራችሁን ሰው መጀመሪያ ይህን ጠይቁት፤ ቢጎዳኝ የት አገኝሃለሁ?

ጎረቤቴ ዛሬም ታየዋለች፤ አልተጣላንም። ባለፈው ሳምንት የባሏን የደም ግፊት ክኒን በፌስታል ይዛ መጣች። ራሱን ስለማያመው ይተወው ይሆን ብላ ልትጠይቀኝ። «ግፊቱ ስንት ነው?» አልኳት። አታውቅም። ቅዳሜ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ካልደረስን ወረፋው አይቻልም።